ቁጥሩ ሰኞ ይመጣል

በየሰፈሩ መንግሥትን ከራሱ ከመንግሥት የበለጠ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። እኛ ሰፈር የለም እንዳትሉኝ፤ አለ። ብብቱ ሥር ጥቁር ፌስታል ይይዛል። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ። የሁለተኛው ፌስታል ሆድ ውስጥ ደግሞ ኮፒ፣ የኮፒው ኮፒ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ ደብዳቤ፣ ስሙ አራት ጊዜ የተቀየረ መሥሪያ ቤት የጻፈው "ጉዳይዎ እየታየ ነው" የሚል መልስ ታጭቋል። ወረዳ ደጃፍ ላይ ከዘበኛው ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። የትኛው ቢሮ ከየትኛው ቢሮ ጋር እንደተኳረፈ የሚያውቀው እሱ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር "መጸዳጃው በዚያ በኩል ነው፣ የኔ ልጅ" ብሎ የሚያሳየውም እሱ ነው።

የኛው ክቡር ጋሽ ይርዳው ይባላሉ። ክቡርነቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ለማይገባው ሁሉ ሲታደል እያየሁ ለሳቸው ብሰስት ነውር ነው።

ጋሽ ይርዳው ጡረታ የወጡት ከማተሚያ ቤት ነው፤ ፊደል ለቃሚ ነበሩ። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ሕጉን ያወቁት እንደኔው ነው፦ ተበድሎ በማንበብ፣ አንብቦ በመናደድ፣ ተናዶ እንደገና በማንበብ። በሰፈሩ የሚታወቁት ግን በአንድ ጥያቄ ነው፦ "በየትኛው አንቀጽ?"

ሥጋ ቤቱ "ዛሬ ጉበት የለም" ሲላቸው "በየትኛው አንቀጽ?" ይላሉ። የእድሩ ዳኛ "እንግዲህ ስብሰባው አብቅቷል" ሲሉ "በየትኛው አንቀጽ?" ይላሉ። ሐኪም ጨው እንዲቀንሱ ሲያዛቸውም ይህንኑ መጠየቃቸውን ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሕይወት ሳሉ ነግረውኛል።

የምንኖረው ሰው በልማድ "የቀበሌ ቤት" በሚለው የመንግሥት ቤት ውስጥ ነው። ግቢው ድሮ የአንድ ሀብታም ነበር፤ ተወረሰ። መሃል ላይ ቪላው አለ። ከቪላው ጀርባ፣ ከመንገዱ ጀምሮ እስከ አጥሩ ድረስ፣ ሰርቪሶቹ በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ የእህል መጋዘን የነበረ፣ በቅሎ የታሰረበት፣ ሠራተኛ ያደረበት። አሥራ አራት በር። የኔ አሥራ ሦስተኛው ነው፤ የጋሽ ይርዳው አሥራ አራተኛው። ግድግዳ እንጋራለን።

ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ምስማር ለመምታት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ ታዲያ ምን ያደርጋል? ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቢሮ ሲዘጋ፣ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ይቀይራል፤ ላዩ ላይ አመድ ነስንሶ ይወርዳል፤ የሚጠይቅ ሲመጣ "ድሮም እንዲህ ነበር" ይላል። ወረዳው ያውቃል። እንደሚያውቅ እኛም እናውቃለን። ተከባብረን እንኖራለን።

ጋሽ ይርዳው ግን ፈቃድ ጠየቁ። ሦስት ቆርቆሮ በስብሶባቸው በሰኔ አመለከቱ። ባለሙያው ፊልድ ነበር። በመስከረም ባለሙያው ተዛወረ። በተከታዩ ሰኔ ሌላ ባለሙያ መጣ፣ ቀና ብሎ አየ፣ "ያፈሳል" ብሎ ጻፈ። ፈቃዱ የወጣው ሁለተኛው ክረምት ካለፈ በኋላ ነው፤ "ሁለት ቆርቆሮ እንዲቀይሩ ተፈቅዶልዎታል" ይላል። ሦስቱ በምን ተአምር ሁለት እንደሆኑ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ጋሽ ይርዳው ሁለቱን ቀየሩ። በሦስተኛው ሥር ሳፋ አስቀመጡ።

"ጋሽ ይርዳው፣ አንድ ቆርቆሮ ናት እኮ! ቅዳሜ እኔ ልውጣና ልምታልዎት" አልኳቸው።

"በየትኛው አንቀጽ?"

"በዝናብ አንቀጽ!"

"ቀልድ" አሉኝ፣ ሳይቆጡ። "እነሱ ሕግ ሲጥሱ 'ጣሳችሁ' የምላቸው እኔ ነኝ። በአንዲት ቆርቆሮ አፌን ላዘጋ?"

 ሳፋው አምስት ክረምት እዚያው ተቀመጠ። በዘነበ ቁጥር ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ሲል እኔ አልጋ ድረስ ይሰማል። እንቅልፍ የሚወስደኝ የጎረቤቴን ጨዋነት እየቆጠርኩ ነው።

ለቅሶ ቤት ያላቸው ጠባይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሰው "እግዜር ያጽናችሁ" ብሎ ጥጉን ይዞ ሲቀመጥ፣ ጋሽ ይርዳው ሐዘንተኛዋ ጆሮ ሥር ጠጋ ብለው "ውሉ በማን ስም ነው?" ይላሉ። የአቶ ወልደየስ ቀብር በሦስተኛው ቀንም ይህንኑ ለባልቴታቸው ለእትዬ አመለወርቅ አሏቸው። እትዬ አመለወርቅ ሰባተኛው በር ናቸው። የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ እጃቸው እስካሁን በረኪና በረኪና የሚል፣ ምላሳቸው ከበረኪናው የሚብስ ሴት።

"አንተ ይርዳው! የሰውዬው አፈር እንኳ አልደረቀ!"

"ሳይደርቅ ነው የሚሻለው። ቀን አለው፤ በስምሽ ካልዞረ 'ተከራይ የሌለው ቤት' ይሉታል።"

"ውጣልኝ!"

ወጡ። በሳምንቱ እትዬ አመለወርቅ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ አሥራ አራተኛው በር ላይ ቆመው፣ "በል እሺ፣ በየት በኩል ነው የሚኬደው?" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። አንድ ወር አብረው ተመላለሱ። ውሉ በስማቸው ዞረ። ውሉ ላይ፣ "የቤት ቁጥር" በሚለው ቦታ፣ አንድ ቃል ተጽፏል፦ "አዲስ"።

ይህችን ቃል ያዙልኝ። የአሥራ አራታችንም የቤት ቁጥር "አዲስ" ነው። መታወቂያችን ላይ አዲስ፣ ውላችን ላይ አዲስ፣ የልጆቻችን የልደት ወረቀት ላይ አዲስ። የጭቃው ምርጊት የሚረግፍ፣ ማገሩ አጥንቱን ያወጣ ቤት፣ ቁጥሩ አዲስ! በዚህ ከተማ እንዲህ የሚጠራው ስንት እንደሆነ ቤቱ ይቁጠረው።

ባለፈው ዓመት ማሻሻያ መጣ። የመንግሥት መሬትና ቤት አስተዳደር ሊዘምን ነው ተባለና አዳራሽ ተጠራን። የታሸገ ውሃ ፊት ለተቀመጡት ታደለ። "ቀልጣፋ"፣ "ግልጽ"፣ "ዘመናዊ" የሚሉት ቃላት ከመድረኩ እንደ ፈንዲሻ ተረጩ። መዝገቡ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ሊገባ ነው፤ ቤት ሁሉ ሊቆጠር ነው፤ ሁለት የያዘው ሊጋለጥ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የመንግሥት ቤት ለሰው አከራይቶ እሱ ሌላ ቦታ ፎቅ ላይ የሚተኛውን ሁላችንም በስም እናውቀዋለን። ይቆጠር! መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል ሕጉ። የመንግሥቱን ድርሻ ጠዋት ማታ አየዋለሁ፤ የሕዝቡን ድርሻ ያየ ሰው ካለ ይጠቁመኝ።

ጋሽ ይርዳው እጃቸውን አወጡ።

"ጥያቄዬ አንድ ነው። ቁጥር የሌለው ቤት እንዴት ይቆጠራል?"

መድረኩን የሚመራው ሰውዬ ፈገግ አለ። "አባቴ፣ ቁጥር የሌለው ቤት አይኖርም።"

"እኔ የምኖርበት አለ።"

"እሱን ሲስተሙ ራሱ ያስተካክለዋል።"

"ሲስተሙ ማን ይባላሉ? ስማቸውን ልጻፈው።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት ጋሽ ይርዳው ብቻ ነበሩ፤ እስክሪብቷቸውን ይዘው የሲስተሙን ስም ይጠብቁ ነበር።

ሲስተሙ አስተካከለው። ዘንድሮ በግንቦት፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ አሥራ ሦስት በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን፦ ቤቱ በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘ ስለሆነ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ለቃችሁ ካላስረከባችሁ ይታሸጋል። አሥራ አራት ካልን አንዱስ? አንዱ መንገድ ዳር ያለው የአቶ ጣሰው ግሮሰሪ ነው። እሱ ብቻ ተረፈ።

እትዬ አመለወርቅ "አንብብልኝ" አሉኝ። አነበብኩ። "ድገመው" አሉ። ደገምኩ። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

"አርባ ሦስት ዓመት ሕገ ወጥ ሆኜ ነው የኖርኩት?" አሉ። "ወልደየስ ምስኪኑ ሳያውቅ ሞተ!"

ለመሳቅ አፌን ከፍቼ ዓይናቸውን አየሁና ዘጋሁት። የሚሄዱበት የላቸውም። ዘመድ የለ፣ ልጅ የለ፤ ያለው ይህ ሰባተኛው በር ነው። እጃቸው ወረቀቱን አልለቀቀም፤ ጭብጥ አድርገው ይዘውት ነበር።

ጋሽ ይርዳው ከቤታቸው ወጡ። ፌስታሉ ብብታቸው ሥር ነው። ወረቀቱን ከእትዬ አመለወርቅ እጅ ቀስ ብለው ወስደው አነበቡት። አንቀጽ አልጠየቁም። "ተነሺ፣ እንሂድ" ብቻ አሉ።

ሰኞ ወረዳ ሄድን፤ ሲስተም የለም። ማክሰኞ ሲስተሙ መጥቶ መብራት ሄዷል። ረቡዕ ስብሰባ ነው። ሐሙስ የስብሰባው ሪፖርት ይጻፋል። ዓርብ ቢሮው ለጽዳት ዘመቻ ወጥቷል። በሁለተኛው ሳምንት ቤቶቹን ወደ ኮምፒውተር የምታስገባዋን ባለሙያ፣ ወይዘሪት ኤፍራታን፣ ወንበሯ ላይ አገኘናት። ትሑት ልጅ ናት፤ ከጠረጴዛዋ ጎን ያለውን ወንበር ለእትዬ አመለወርቅ ለቀቀች።

"ኮምፒውተሩ አንድን ቁጥር ለአንድ ቤት ብቻ ነው የሚቀበለው፣ አባባ። የእናንተ አሥራ አራቱም 'አዲስ' ይላል። መጀመሪያ የገባው የአቶ ጣሰው ነው። ስለዚህ 'አዲስ' ተይዟል።"

"ተይዟል?" አሉ እትዬ አመለወርቅ። "እኔና ጣሰው አንድ ቤት ነው የምንኖረው በይኛ! ሚስቱ ትስማና!"

ኤፍራታ ሳቋን ዋጠች። "እኔ አይደለሁም እኮ እማማ፣ ሲስተሙ ነው።"

ጋሽ ይርዳው ከፌስታሉ ውስጥ አዲሱን መመሪያ መዘዙ። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ያልደረሰው ኮፒ ነው፤ ከየት እንዳመጡት አልጠየቅኩም። "የመዝገብ ስህተት ሲገኝ፣ ስህተቱን የፈጸመው ሰው በጽሑፍ ካረጋገጠ ይታረማል ይላል።"

"ይላል" አለች ኤፍራታ። "ግን አባባ፣ ማን ያረጋግጣል?"

እንግዲህ ያን ሰው ፍለጋ ወጣን። ቡድን መሪው "ከኔ በፊት ነው" አለን። ከሱ በላይ ያለው "ያኔ እኔ አልተወለድኩም" አለን፤ እውነቱን ነው፣ ፊቱ ይመሰክራል። መዝገብ ቤቱ "ያኔ ቀበሌ ነበር፤ ቀበሌው ፈርሷል" አለን። የፈረሰ ቀበሌ አይጠየቅም። አራት ቀን ሙሉ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ፣ ስህተት የሠራ ሰው የሚባል ፍጡር በዚያ ሕንፃ ውስጥ አንድም አላገኘንም። ሁሉም ንጹሕ ነው! የመንግሥት ቤት ይጠፋል፣ የመንግሥት መሬት ይሰወራል፣ ሰው ከገዛ በሩ ይባረራል፤ ያጠፋ ግን የለም። እኔ ይህን ሕዝብ በማሻሻያ የሚያድን ካለ በዚህ ይጀምር እላለሁ፤ ኮምፒውተሩ ይቆየን፣ መጀመሪያ "እኔ ነኝ" የሚል አፍ ይምጣልን።

ሦስት ቀን ሲቀር ኤፍራታ ቢሮ ተመለስን። እትዬ አመለወርቅ ስለ ጣሰው ለመቀለድ እንኳ አቅም አልነበራቸውም። ጋሽ ይርዳው ከጠዋት ጀምሮ አንድም አንቀጽ አልጠሩም፤ በሳቸው ዘንድ ይህ ሕመም ነው ብዬ ሰግቼ ነበር።

"ወረቀት ስጪኝ፣ ልጄ" አሉ።

ቆመው ጻፉ። የፊደል ለቃሚ ጽሑፍ፣ አንዱ ከአንዱ የማይነካካ። በትከሻቸው ላይ አሻግሬ አነበብኩት፦

"እኔ ይርዳው ፈንታ በ1972 ዓ.ም. በቀበሌያችን የቤት ቁጥር በበር ላይ እጽፍ ነበር። ከቁጥር 412 ቀጥሎ ያሉትን አሥራ አራት በሮች ቁጥር ሳይሰጣቸው 'አዲስ' ብዬ በቀይ ቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስህተቱን የፈጸምኩት እኔ ነኝ።"

"አንተ ነህ?" አሉ እትዬ አመለወርቅ።

"እኔ ነኝ። አራት ቀን የዞርኩት ያዘዘኝ መሥሪያ ቤት ራሱ ይመን ብዬ ነው። የቁጥሩ ዝርዝር 412 ላይ አለቀ። ሊቀ መንበሩን ብጠይቀው፣ 'ለጊዜው አዲስ በላቸው፤ ቁጥሩ ሰኞ ይመጣል' አለኝ። ጻፍኩ።"

"የቱ ሰኞ?"

"እሱን ነው አርባ አምስት ዓመት ሙሉ የምጠይቀው።"

እትዬ አመለወርቅ ወንበራቸውን ወደ ጋሽ ይርዳው አዞሩ። "ወልደየስ ያውቅ ነበር?"

"ከሠርጋችሁ በፊት ነው፤ ስጽፍ መሰላሉን የያዘልኝ እሱ ነው። ባገኘኝ ቁጥር 'ይርዳው፣ ሰኞ ደረሰ ወይ?' እያለ ይቀልድብኝ ነበር።"

"እኔ ደግሞ የብድር ቀጠሮ ያላችሁ ነበር የሚመስለኝ!"

ኤፍራታ ወረቀቱን አንስታ አነበበችው። ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አባባ፣ ይህን ከፈረሙ እኮ ሊያስጠይቅዎት ይችላል።"

"በየትኛው አንቀጽ?"

መመሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ገለጠች። የለም። "ጥፋቱ የኔ ነው" ብሎ ለሚመጣ ሰው የተጻፈ ቅጣት አልተገኘም፤ አርቃቂዎቹ እንዲህ ያለ ሰው ይመጣል ብለው አላሰቡም።

ፈረሙ። ከዚያ በሁለተኛው ፌስታል ሥር እጃቸውን ሰደው፣ ለኔ እንኳ አሳይተውኝ የማያውቁትን ወረቀት አወጡ። ቢጫ ሆኗል፤ እጥፋቱ ላይ ሊቆረጥ ነው። በማስመሪያ የተሰመረ ሠንጠረዥ፦ ተራ ቁጥር፣ የተከራይ ስም፣ የቤት ቁጥር። አሥራ አራቱም ስሞች ተጽፈዋል። ሦስተኛው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። ሰኞ ሊሞላ የነበረ ዓምድ ነው።

እትዬ አመለወርቅ ጣታቸውን ሰባተኛው መስመር ላይ፣ "ወልደየስ" በሚለው ላይ፣ አሳረፉ።  ኤፍራታ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ ኃላፊዋ ገባች። በሩን እንኳ አላንኳኳችም።

አርባ አምስት ዓመት የተጠበቀው ሰኞ የዋለው ማክሰኞ ነው። ከ413 እስከ 426። የበሩ ወረቀት ተነሣ። ጋሽ ይርዳው ቀይ ቀለም ገዝተው ራሳቸው ጻፉት፤ እኔ መሰላል ያዝኩ። ከግሮሰሪው ጀመሩ፤ አቶ ጣሰው "የኔስ ተይዟል ተብሏል፣ ይቅር" ቢል "በየትኛው አንቀጽ?" ብለው 413 ጻፉበት። ሰባተኛው በር ላይ ሲደርሱ እየጻፉ ወደ መሰላሉ ሥር ዞር ብለው አዩ፤ የ419 ዘጠኝ ጅራቷ ትንሽ ጠማማ ናት። እትዬ አመለወርቅ ግን እንዲስተካከል አልፈቀዱም።

እሑድ ጋሽ ይርዳው እድር ሲሄዱ ጠብቀን አሥራ ሦስት በር ተንቀሳቀሰ። ቆርቆሮውን አቶ ጣሰው አመጣ፤ ምስማሩን እኔ መታሁ፤ እትዬ አመለወርቅ ከታች ሆነው "በግራ! በግራ በኩል! ዓይን የለህም?" እያሉ አዘዙ። አመድ አልነሰነስንበትም። ሦስተኛው ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር።

ጋሽ ይርዳው ፌስታላቸውን ይዘው ከበሩ ገቡ። ጣሪያውን አዩ። እኔን መዶሻ እንደያዝኩ አዩኝ። 

"በየትኛው አንቀጽ?"

 የመለሱት እትዬ አመለወርቅ ናቸው።

"በአንቀጽ አዲስ።"

 ጋሽ ይርዳው ወደ ውስጥ ገቡና ሳፋውን ይዘው ወጡ፤ ውሃውን አትክልቱ ሥር ደፍተው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

ክረምቱ ገብቷል። እኔ ታዲያ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ያ ጠብ፣ ጠብ የሚለው የለም።